ስብራቱ ታከመ፤ የሳሳው አጥንትስ?

በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙ አንዲት እናት በክረምት ማለዳ ከደጃፋቸው ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ እንበል። መሬቱን የተመረኮዙበት እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ራጅ ተነሡ፤ እጃቸውም በጄሶ ታሰረ። ከስድስት ሳምንታት በኋላ ጄሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሞ ተገኘ። ቤተሰቡም «ተመስገን» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ዓመት ሳይሞላ እኒሁ እናት ሌሊት ከመደባቸው ሲነሡ ተደናቅፈው እንደገና ወደቁ። በዚህ ጊዜ የተሰበረው ዳሌያቸው ነበር።

ታሪኩ ለአብነት የቀረበ ነው። ከእጅ አንጓ ወደ ዳሌ የሚወስደውን ይህን መንገድ ግን በዓለም ዙሪያ የሚገኙ የአጥንት ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁታል። የመጀመሪያው ስብራት ጉዳት ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያም ነበር፤ አጥንቱ መሳሳቱን ተናግሯል። እጁ በወጉ ቢታከምም ማስጠንቀቂያውን ያዳመጠ አልነበረም። በአጥንት መሳሳት ሕክምና ውስጥ ትልቁ ክፍተት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው።

የአጥንት መሳሳት ምንድን ነው?

አጥንት እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር አይደለም። በሕይወት ዘመን ሁሉ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ የሚተካ ሕያው አካል ነው። በልጅነትና በወጣትነት የሚገነባው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ አጥንት እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜም ከፍተኛ ጥንካሬውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ መፍረስ ያደላል።

ሴቶች ሲያርጡ አጥንትን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፋጠናል። ካረጡ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ የአጥንታቸውን ክምችት እስከ 20 በመቶ ሊያጡ ይችላሉ። ወንዶች ዘግየት ብለው ይድረሱበት እንጂ ከበሽታው ነፃ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የአጥንት መሳሳት ፋውንዴሽን እንደሚያመለክተው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶች ደግሞ አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው በዚህ ምክንያት ስብራት ይደርስባቸዋል።

ከዕድሜ በተጨማሪ መሳሳቱን የሚያባብሱ ምክንያቶች አሉ። ከእነዚህም መካከል የሰውነት ክብደት ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ አልኮል ማብዛት፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ እና ከወላጆች የአንዱ ዳሌ ተሰብሮ ማወቁ ይጠቀሳሉ። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዙ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ለሦስት ወራትና ከዚያ በላይ ሲወሰዱም አጥንትን ያሳሳሉ። እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ ግን ለሕይወት ያሰጋል።

በሽታው እስኪሰብር ድረስ ሕመም የለውም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የአጥንት መሳሳት እንዳለበት የሚያውቀው ከተሰበረ በኋላ ነው።

እንዴት ይለያል?

ሐኪሞች የሚያነሡት ቁልፍ ጥያቄ «ስብራቱ እንዴት ደረሰ?» የሚለው ነው። ከዛፍ ላይ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ ሰው ጤናማ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል። ቆሞ ወይም እየተራመደ ሳለ ወድቆ የተሰበረ ሰው ግን አጥንቱ ሊመረመር ይገባል፤ ጤናማ አጥንት እንዲህ ያለውን ውድቀት ብዙ ጊዜ ይችለዋልና። በዚህ መልክ በብዛት የሚሰበሩት የእጅ አንጓ፣ አከርካሪ፣ ዳሌ እና የክንድ የላይኛው ክፍል ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ተደብቆ የሚቆየው የአከርካሪ ስብራት ነው። ከአከርካሪ ስብራቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሳይታወቁ እንደሚያልፉ ይገመታል። ሰውዬው ላይወድቅም ይችላል፤ ጀሪካን ሲያነሣ ወይም ጎንበስ ሲል የአከርካሪው አንጓ ይደቃል። የጀርባው ሕመም «ብርድ መታኝ» ተብሎ ይታለፋል፤ ጀርባው ሲጎብጥም «እርጅና ነው» ይባላል። ቀድሞ ልክ የነበረ ቀሚስ መሬት መጎተት ሲጀምር፣ ቁመት ከወጣትነት ጊዜው 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲቀንስ ወይም በድንገት የጀመረ ብርቱ የጀርባ ሕመም ሲኖር የአከርካሪ ራጅ መነሣት ተገቢ ነው።

ሐኪሞች ምን ያውቃሉ? ምንስ ያደርጋሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ለበሽታው የመለኪያ ደረጃ አውጥቷል። በዚህም መሠረት የአንድ ሰው የአጥንት እፍጋት ከጤናማ ወጣቶች አማካይ በ2.5 የመለኪያ እርከንና ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ የአጥንት መሳሳት አለበት ይባላል። በሽታው ከታወቀና መድኃኒት ከተገኘለት አሥርት ዓመታት ቢቆጠሩም እውቀቱ ሁልጊዜ ከሕሙማን አልጋ አይደርስም።

ዓለም አቀፉ ፋውንዴሽን እንደሚገልጸው ተሰብረው በጤና ተቋማት ከሚታከሙ ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ የአጥንት መሳሳትም ሆነ ዳግም የመውደቅ ስጋት ይኑርባቸው አይኑርባቸው አይመረመሩም። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነ አንድ የዳሰሳ ጥናት በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስፔን፣ በብሪታንያና በኒውዚላንድ የሚሠሩ ከ3 ሺህ 400 በላይ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ስለ አጥንት መሳሳት ያገኙት ሥልጠና ጥቂት እንደሆነ ወይም ጨርሶ እንዳላገኙ መልሰዋል። ባለጸጋ በሚባሉ አገራት ሁኔታው ይህ ከሆነ የባለሙያና የመሣሪያ እጥረት ባለባቸው አገራት ፈተናው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

የክፍተቱ አንዱ ምንጭ የሥራ ክፍፍሉ ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ የተሰበረውን አጥንት ያቃናል፤ ብረት ያስገባል ወይም በጄሶ ያስራል፤ ከዚያም ሕመምተኛውን ያሰናብታል። የሳሳውን አጥንት ማከም የውስጥ ደዌ ሐኪም ድርሻ እንደሆነ ያስባል። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ደግሞ ሕመምተኛውን ላያየው ይችላል፤ ቢያየውም ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ሕመም መጥቶ ይሆናል እንጂ የተሰበረ አጥንቱ ጉዳይ አይነሣም። ጠቅላላ ሐኪሙም ስፔሻሊስቶቹ ያላዘዙትን መድኃኒት ለመጀመር ያመነታል። በዚህ መሐል ሕመምተኛው ከማንም እጅ ሳይገባ ይቀራል።

ሌላው ምንጭ በሐኪሞችም ዘንድ የሚታዩ የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው። የመጀመሪያው «ዕድሜያቸው ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። የአጥንት መሳሳት በዕድሜ የሚመጣ ቢሆንም የሚታከም በሽታ ነው። አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው በእጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ስጋቱ ይበልጥ የሚያይለውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ጥቅሙ ይጎላል።

ሁለተኛው «የአጥንት እፍጋት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ነው። ዴክሳ የተባለው ይህ መሣሪያ በኢትዮጵያ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን በቀላል ውድቀት ዳሌው ወይም አከርካሪው የተሰበረ አረጋዊ፣ ሌሎች ምክንያቶች ተጣርተው ከተወገዱ፣ ያለ ልኬቱም የአጥንት መሳሳት እንዳለበት ተቆጥሮ ሕክምና ሊጀመርለት እንደሚችል ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ይፈቅዳሉ።

ሦስተኛው «መድኃኒቱ የተሰበረው አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል» የሚለው ስጋት ነው። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ቢስፎስፎኔት የተባሉት መድኃኒቶች የስብራትን መግጠም በሚታይ መጠን እንደሚያዘገዩ አላሳዩም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ለጀመሩ ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን ተከታትሏል። አዲስ ስብራት በ35 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ28 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

የዳሌ ስብራት ጊዜ አይሰጥም

ከስብራቶቹ ሁሉ አስጊው የዳሌ ስብራት ነው። በተለያዩ አገራት እንደታየው ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕይወታቸውን ያጣሉ። የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ስብራቱ ራሱ ሳይሆን መተኛቱ የሚያስከትለው መዘዝ ነው፤ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ይከተላሉ። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ ቀዶ ሕክምናው ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደረግና በማግሥቱ በባለሙያ ተደግፎ ከአልጋ እንዲነሣ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ከወደቀ በኋላ መቆም ያልቻለ፣ ከብሽሽቱ አካባቢ የሚያመው፣ እግሩ ከሌላኛው ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ አረጋዊ ዳሌው እንደተሰበረ ሊጠረጠር ይገባል። እግሩን መጎተት፣ ማሸት ወይም «ተራመድ» ብሎ ማስገደድ ጉዳቱን ያባብሳል። ሁለቱን እግሮች በመካከላቸው ለስላሳ ጨርቅ አድርጎ ሳይጠብቅ አንድ ላይ ማሰርና በቃሬዛ አጋድሞ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይመከራል። አንዳንዴ የዳሌ ስብራት ስንጥቅ ብቻ ሊሆንና ሰውዬው እያነከሰም ሊራመድ ይችላል፤ በመሆኑም መራመዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ወጌሻና ሆስፒታል

በገጠርም ሆነ በከተማ ሰው ሲሰበር ከሐኪም ቀድሞ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፤ ክፍያው አይከብድም፤ ማኅበረሰቡም ያምነዋል። ሆኖም የዳሌ ስብራት በመቃና ወይም በእስራት የሚድን አይደለም። የእጅና የእግር ስብራትም በቀርከሃ ተጠብቆ ሲታሰር ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። በዚህ ምክንያት ጋንግሪን ይዟቸው እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታይተዋል፤ ከመካከላቸውም ልጆች ይገኙበታል።

ወጌሾችን ማግለል ግን ብቸኛው አማራጭ አይደለም። በጉራጌ አካባቢ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለአካባቢው ወጌሾች አጭር ሥልጠና ሰጥቶ እንደነበርና ከዚያ በኋላ በእስራት ሳቢያ የሚደርሰው የአካል መቆረጥ በጉልህ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 በሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ያሳያል። የታሰረ እጅ ወይም እግር ሕመሙ ከበረታ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም መልካቸው ከተለወጠ፣ በወጌሻ የታሰረው ወዲያውኑ ሊፈታ፣ ሕመምተኛውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሊደርስ ይገባል። በሆስፒታል በጄሶ የታሰረውም እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት ቀጠሮ ሳይጠብቅ መመለስ አለበት።

ከስብራቱ ባሻገር ምን ይጠበቃል?

ስብራቱ ከታከመ በኋላ የሐኪሙ ሁለተኛ ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያ አጥንትን የሚያሳሱ ሌሎች በሽታዎች እንዳይኖሩ ይጣራል። የደም ምርመራ በማድረግ የካልሲየም መጠን፣ የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ሁኔታ ይታያል፤ ከተቻለም የቫይታሚን ዲ መጠን ይለካል። ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ወይም የመቅኒ ካንሰር በቀላል ውድቀት አጥንት ሊሰብር ስለሚችል ይህም ሊታለፍ አይገባም። ቀጥሎም ሕመምተኛው ቀደም ሲል ተሰብሮ እንደሆነ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ምን እንደሆኑና ለምን እንደወደቀ ይጠየቃል።

በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ አሌንድሮኔት ነው። የተለመደው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ባለ 70 ሚሊ ግራም እንክብል ነው። አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይሻል። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት መዋጥ መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መብላትም ሆነ ጋደም ማለት አይገባም፤ ጉሮሮን ሊያቆስል ይችላልና። የማለዳ ቡናው ትንሽ መዘግየት ይኖርበታል ማለት ነው።

መዋጥ ለማይችሉ ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ኩላሊታቸው የተዳከመ ወይም በደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም ያነሰ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት መመርመር አለባቸው። ጥርስ ለማስነቀል ያሰበ ሰውም አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት ከተወሰዱ በኋላ መቀጠላቸውን ወይም ለጊዜው መቆማቸውን ሐኪሙ ይወስናል። በየስድስት ወሩ በመርፌ የሚሰጠው ዴኖሱማብ ደግሞ ቀጠሮው ከታለፈ ወይም ምትክ ሳይዘጋጅ ከቆመ አከርካሪን ለተደራራቢ ስብራት ሊዳርግ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር ፈጽሞ አይቋረጥም።

ምግብ፣ ፀሐይና የቤት ጥንቃቄ

መድኃኒቱ የሚሠራው አጥንት የሚገነባበት ግብዓት ሲኖር ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በቀን ከ1 ሺህ እስከ 1 ሺህ 200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ እርጎና አይብም ጥሩ ምንጮች ናቸው። በጾም ወቅት ጎመንና ሰሊጥ ያግዛሉ፤ ጤፍም በካልሲየም ይዘቱ ከስንዴና ከበቆሎ ይበልጣል። ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ ለአጥንትም ለጡንቻም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ኢትዮጵያ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» አገር ብትባልም ፀሐዩ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ሲያገኘው ነው። ከቤት የማይወጡ አረጋውያንና ሰውነታቸውን ሙሉ በሙሉ ሸፍነው የሚውሉ ሰዎች እጥረት ሊገጥማቸው ይችላል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እጅን፣ ክንድንና እግርን ገልጦ ፀሐይ መሞቅ ይጠቅማል፤ እጥረቱ ከታወቀም ሐኪም በእንክብል ያሟላዋል።

አጥንት የሚሰበረው ሰው ሲወድቅ ነውና ውድቀትን መከላከል የሕክምናው አካል ነው። የደጃፍ ጭቃን በጠጠር መሸፈን፣ ከፍ ያለ ደፍን ማስተካከል፣ ሌሊት ለሚነሣ አረጋዊ መብራት በቅርብ ማስቀመጥ፣ የማያዳልጥ ጫማና ምርኩዝ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የዓይን ሞራ መታከም አለበት፤ የሚያዞሩ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶችም በሐኪም እንደገና ሊታዩ ይገባል። በየዕለቱ መራመድና ከወንበር እየተነሡ መቀመጥን መለማመድ የእግር ጡንቻን ያጠነክራል። አከርካሪው የተሰበረ ሰው ግን እንስራ ከማዘልና ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ ከማንሣት መቆጠብ አለበት።

ክፍተቱ ሊዘጋ ይችላል

በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ አሠራር ሕመምተኛው ከማንም እጅ ሳይገባ እንዳይቀር የሚያደርግ መፍትሔ አሳይቷል። ዕድሜው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ተሰብሮ ሲመጣ ኃላፊነቱ የተሰጣት ነርስ ስሙን ትመዘግባለች፤ አጥንቱ እንዲመረመር ታደርጋለች፤ ሕክምናውም መጀመሩን ትከታተላለች። አሠራሩ ዛሬ በበርካታ አገራት ተስፋፍቷል። በመሠረቱ የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ መዝገብና ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ባለሙያ ካለ በወረዳ ሆስፒታልም ሊጀመር ይችላል። ሕመምተኛው ወደ መንደሩ ሲመለስም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዱንና ቤቱ ለውድቀት የማያጋልጠው መሆኑን ሊያዩለት ይችላሉ።

እስከዚያው ቤተሰብ ጠያቂ መሆን ይችላል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ አባት ወይም እናት በቀላል ውድቀት ከተሰበሩ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ለሐኪሙ የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አጥንቱ የተሰበረው ስለሳሳ ይሆን? ሌላ በሽታ እንዳለ በደም ምርመራ ተጣርቷል? ዳግም እንዳይሰበሩ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል? ክትትሉን የሚያደርገው የትኛው ክፍል ነው፤ ቀጠሮውስ መቼ ነው? መልሶቹ በሕክምና ማጠቃለያው ወረቀት ላይ እንዲሰፍሩ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ወረቀቱ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚያያቸው ሐኪም መነሻ ይሆናል።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት እናት እጃቸው በጄሶ በታሰረበት ቀን እነዚህ ጥያቄዎች ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ዳሌያቸው ሳይሰበር መቆየት የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነበር።